ከነጠላው በላይ የነበረ ጨው

እቴነሽ ነጠላዋን ካራገፈች በኋላ ነው ነገሩ የገባት። የፖሊሱ መቶ አለቃ ዘይኑልአቢዲን ከሬሳው ላይ አንስቶ ሲሰጣት፣ እጇ እንደ ልማዱ አራገፈውና የጨው ፍሬ ጫማዋ ላይ ረገፈ። ጠዋት ሟቹን ስትሸፍነው ግን እዚያ ምንም ጨው አልነበረም። ልጇን የሚያድን ማስረጃ ከነበረም በገዛ እጇ በትናዋለች።

ኮምቦልቻ፣ ቆዳና ሌጦ ተሰብስቦ በአሰብ በኩል ወደ ጣሊያን በሚላክበት መጋዘን የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ ጓድ ፀጋዬ በሩን ሲከፍት፣ የቆዳ ደረጃ መዳቢው አቶ ሞላልኝ በተደረመሰ የቆዳ ክምር ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ሌጦ ሊያስረክብ የመጣው ነጋዴ ሀምዱ ሬሳ ሲያይ ወደ ውጭ አፈገፈገ። ከደረቱ ላይ ያለውን ቆዳ ያነሳችለት እሷ ናት፤ ጥቁር ካፖርቱ ላይ ነጠላዋን የጣለችውም እሷ።

«እኔ እጠብቀዋለሁ፤ እናንተ ሄዳችሁ ፖሊስ ጥሩ» አላቸው ፀጋዬ።

ፖሊስ መጥቶ መጀመሪያ የያዘው እዚያው መጋዘን የሚሠራውን ልጇን ማረውን ነበር። ክምሩን የደረደረው እሱ ነው፤ ሁለተኛው የመጋዘን ቁልፍም ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ከደሴ የመጣው መቶ አለቃ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ቀጭን ሰው ነው። ፀጋዬን እዚያው ክምሩ አጠገብ ጠየቀው።

«ሟቹ መጋዘኑ በሚዘጋበት በእሑድ ቀን እዚህ ምን ይሠራል?»

«የጣሊያኑ ገዢ ቆዳው መርከብ ላይ በስብሷል ብሎ ጭነቱን መልሶብናል። ደረጃውን የመደበው ሞላልኝ ስለሆነ ጨንቆት መጥቶ ይሆናል። ማረው ደግሞ ይጠላው ነበር። ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

እቴነሽ መጥረጊያዋን ጨበጠች። ያ ቃል ከተነገረበት በኋላ ቤቱ የተመለሰ ሰው አታውቅም።

«ስታገኙት እንዴት ነበር?»

«ክምሩ ሲወድቅበት ጨው በጨው ሆኗል። ዓይኑን እንኳ የጠረግኩለት እኔ ነኝ» አለ ፀጋዬ።

ቀጥሎ ሀምዱ ተጠራ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ወላሂ ተጣልተናል። ሌጦዬን ሁሉ ሦስተኛ ደረጃ አደረገብኝ። ጣሊያን ጫማው ላይ ቀዳዳ አይወድም ይለኛል። እኔ ሌጦ የሚበሳውን የኩታበር መዥገር ስለ ጣሊያን ጫማ በምን ላስተምረው?»

«እሑድስ?»

«ኩታበር ሰርግ ላይ ነበርኩ። ስጨፍር ያየኝን ሁሉ ይጠይቁ፤ የሚረሳ ጭፈራ አይደለም።»

ማረው ግን አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«እሑድ የት ነበርክ?»

«ደሴ።»

«ደሴ የት?»

«እሱን አልናገርም።»

እናቱ ታውቃለች። መጋረጃው በተዘጋ ቤት ከእምነት ወንድሞቹና እህቶቹ ጋር ሲጸልይ ነበር የዋለው፤ መንግሥት የከለከለው ጉባኤ ነው። ከተናገረ ቤት ሙሉ ሰው ይታሰራል፤ ካልተናገረ እሱ ያልቅለታል። በየት በኩል ብታስበው መጨረሻው አላማራትም።

መቶ አለቃው ቆዳዎቹን እያገላበጠ ቆየ። ተንበርክኮ ወለሉን በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ እቴነሽ፣ የልጅዎን ልብስ የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ጨው ያስቸግርዎታል?»

«ያስቸግረኝ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ እንኳ ተገላግያለሁ።» ከአፏ እንደወጣ ጸጸታት፤ ልጇ ላይ ሌላ ጥፋት የጨመረች መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ክምሩ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ማረው፣ ቆዳ ጨው የሚነሰነስበት በየት በኩል ነው?»

«በሥጋው በኩል። አሁን ግን ጨው ቀርቷል። ጓድ ፀጋዬ በውጭ መድኃኒት ይተካል ብለውናል።»

«መድኃኒቱን አይተኸዋል?»

«እኛ ከሄድን በኋላ ይረጫል ነው የተባልነው።»

«እዚህ ግን ጨው አለ፤ በፀጉሩ በኩል፣ ከላይ ከላይ ብቻ። የቆዳው ሥጋ በኩል ባዶ ነው። ከክምሩ ሥር ያለው ወለልም፣ የሟቹ ጥቁር ካፖርትም ንጹሕ ነው። ጨው የነበረው ከነጠላው በላይ ነው።» እቴነሽን ተመለከታት። «ሲያራግፉት አይቻለሁ።»

ጨው የረገፈበትን ጫማዋን ዝቅ ብላ አየች።

«ስለዚህ ጨው የተበተነው ሟቹ ነጠላ ከለበሰ በኋላ ነው። ያኔ ከሬሳው ጋር ብቻውን የቀረ ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ፀጋዬ ዞሩ።

«ጨው በጨው ሆኖ ነበር አሉኝ» አለው መቶ አለቃው። «ያልነበረ ጨው ነበረ ማለት የሚጠቅመው ጨውን ለሸጠው ሰው ነው። የመጋዘኑ ጨው ገበያ ወጣ፤ ቆዳው ጨው ሳይነሰነስበት ተጭኖ ባሕር ላይ በሰበሰ። ሞላልኝ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ሊያይ ሲመጣ በሩን የከፈቱለት እርስዎ ነዎት። ክምሩ የወደቀበት ከፊቱ ነው፤ ተመትቶ የተፈነከተው ግን ከኋላ ነው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ፀጋዬ። «ቁልፍ ማረውም አለው። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ጨው በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው የሱሪዎን እጥፋት ይገልብጡልን።»

ፀጋዬ አላጎነበሰም። አንድ ፖሊስ ተንበርክኮ ገለበጠው። ጨው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ፀጋዬ ወደ ጣሪያው አየ።

ሲወስዱት ሀምዱ ያላስረከበውን ሌጦ እያየ ተነፈሰ። «አልሐምዱሊላህ፣ ገዳዩ ተገኘ። ገዢውንስ ማን ያገኝልናል? ጣሊያኑ ፀጋዬ የሚባል አያውቅም፤ የሚያውቀው ጭነቱ ላይ የተጻፈውን ኮምቦልቻ ነው።»

መጋዘኑ ታሸገ። መቼ እንደሚከፈት የሚነግራቸው አልነበረም፤ እናትም ልጅም በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ። መቶ አለቃው ወደ መኪናው ሊገባ ሲል እቴነሽን ጠጋ አላት።

«ልጅዎ እሑድ የት እንደዋለ እኔ አልጽፍም» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላ ሰው መጥቶ እንደማይጠይቅ ግን ላረጋግጥልዎ አልችልም።»

እያመሸ ቤት ገቡ። ማረው ጫማውን አወለቀ።

«እማ፣ አለቀ እኮ። ምነው ፊትሽ አልፈታ አለ?»

«ለዛሬ ነው ያለቀው።»

ልብሱን ተቀብላ ልታራግፈው ወደ ደጅ ወጣች። የሚረግፍ ጨው አልነበረውም። ያንን ንጽሕና ከፋሲካ ጀምሮ እንደ በረከት ስትቆጥረው መክረሟ አበሳጫት። ግራና ቀኝ መንገዱን አይታ ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ ቁልፉን አዞረች፤ መቀርቀሪያውን ወረወረች። ከዚያ መያዙን ለማየት በትከሻዋ ገፋችው።