የሳዲቅ ወንበር

የፋብሪካው መጋዘን ኃላፊ ጸጋው ከመጋዘኑ ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ፤ የተፈነከተው ግን ማጅራቱ ነው። ደረጃ ሰውን በግንባሩ ጥሎ ማጅራቱን አይፈነክትምና ኢንስፔክተር ዘይቱና ከደሴ ተጠርታ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳ ኮምቦልቻ ደረሰች።

የከተማው ፖሊስ ቸኩሎ የኔትወርክ ባለሙያውን ሳዲቅን በካቴና አስሮ ጠበቃት። በግድያው ሰዓት የመጋዘኑ ካሜራ ጠፍቷል። ካሜራዎቹ ሁሉ ለሚገናኙበት ስዊች የማጥፊያው ትእዛዝ የመጣው ደግሞ ከሳዲቅ ኮምፒውተር ነው።

«ወላሂ ጁምዓ ላይ ነበርኩ» አለ ሳዲቅ።

«ማን አየህ?»

«አርፍጄ ውጭ ነው የሰገድኩት። ማን ልብ ይለኛል?»

«ስዊቹን ማን ማን ያዝዘዋል?»

«የይለፍ ቃሉን ሦስታችን እናውቀዋለን፤ እኔ፣ ረዳቴ ወንጌላዊትና ሥራ አስኪያጁ ጋሽ በላቸው። ከየኮምፒውተራችን እንገባ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ከእኔ ኮምፒውተር በቀር ማንንም እንዳይቀበል አድርጌ ዘጋሁት።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ከሶላት ስመለስ ልነግራቸው ነበር።»

ሰውየው በገዛ አንደበቱ ገመዱን አንገቱ ላይ እያጠበቀ ነው። ውሸታም ይህን ያህል ሞኝ እንደማይሆን ዘይቱና ታውቃለች።

በላቸውን አስጠራች። «ካሜራውን ከየት ማጥፋት ይቻላል?»

«ከሦስታችንም ኮምፒውተር ነዋ። እኔ እንኳ አልችልበትም።»

ወንጌላዊት ተከተለች። «ጁምዓ ጁምዓ የሳዲቅን ቦታ ማን ይጠብቃል?»

«እኔ ነኝ። እሱም ለሚካኤል እኔን ይተካኛል፤ እንዲህ ነው የምንኖረው። ዛሬ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም።»

«ካሜራው ከአንቺ ኮምፒውተር ጠፍቶ ቢሆንስ?»

«አይሆንም። የእኔን አይቀበልም።»

ዘይቱና ሦስቱንም ስዊቹ ወዳለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ስዊች ኮምፒውተር እንጂ ሰው አይለይም» አለች። «በሳዲቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ለእሱ ሳዲቅ ነው። ጋሽ በላቸው ክልከላውን አልሰሙም። ወንጌላዊት ግን ማንም ሳይነግራት አወቀች። እንዴት? እንደ ልማዷ ከራሷ ኮምፒውተር ስትሞክር ስዊቹ አልቀበልም ብሎ መለሳት። ስዊቹ ያልተቀበለውንም ሙከራ ይመዘግባል፤ አስከፍቼ አየሁት። ክልከላውን ያወጣው ሳዲቅማ በእሷ ኮምፒውተር ምን ሊሞክር? ከዚያ በሳዲቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጁምዓ ስለሆነ ማንም ልብ አላላትም።»

ወንጌላዊት አልካደችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ወንድሜ አግማስ ጸጋው መጋዘኑ ውስጥ ቆልፎበት በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። ‹ሲጋራ ሲያጨስ ነው› ብሎ የሟችን ስም አጠፋ። ሲቆልፍ ካሜራው አይቶት ነበር። ምስሉን ማን እንዳጠፋው ሳዲቅን ይጠይቁት። እኔ መጀመሪያ ለመያዝም ግድ አልነበረኝም። ስዊቹ ሲመልሰኝ ግን ደስ አለኝ፤ ጸጋው ሲሞት ሳዲቅ ይታሰርበታል፣ ለሁለቱም ይበቃል አልኩ።»

ዘይቱና የሳዲቅን ካቴና ልትፈታለት ቁልፉን ይዛ ነበር። «እውነት ነው?»

ሳዲቅ አቀረቀረ። «ጸጋው አዘዘኝ። እንጀራዬን ፈርቼ አጠፋሁት።»

ዘይቱና ቁልፉን ኪሷ መለሰችና ሌላ ካቴና አስመጣች።

ወንጌላዊት ሳትጠየቅ እጇን ዘረጋች። «በል ተነሳ፣ ሳዲቅ» አለችው። «አብረን ነው የምንሄደው።»