«ሌፍት» የተባለው ቃል

መምህር አሳምነው ዘንገና ሐይቅ ዳር ሞተው የተገኙት ሐሙስ ጠዋት ነው። ጭንቅላታቸው ድንጋይ ላይ አርፎ እግራቸውን ውኃው ይነካካው ነበር። እንጅባራ ባለው ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ተገኘች። በራሳቸው እጅ የተጻፉ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ነበሩባት፦ «አይ አም ሌፍት።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ አምና ደግሞ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን አዳክሞታል። መንደሩ «ብቸኝነት ነው ራሳቸውን ያስጠፋቸው» አለ። ኢንስፔክተር እናትነሽ ግን ለመፍረድ አልቸኮለችም።

ቤታቸውን ዞራ አየች። መጻሕፍቱ በሦስት ካርቶን ተጠቅጥቀው በሲባጎ ታስረዋል። ዳንግላ ለምትኖረው ልጃቸው ለፀደይ ደወለች።

«ቅዳሜ እኔ ጋ ጠቅልሎ ሊገባ ነበር» አለች ፀደይ።

ያንን ቤት የሚረግጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። እናትነሽ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው።

ሽባባው እዚያው ግቢ የተከራየ የባጃጅ ሹፌር ነው። «ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘንገና መገንጠያው አወረድኋቸው። ‹ልጠብቅዎ?› ስላቸው ‹ሂድ፣ ሰው አለኝ› አሉኝ።»

«ማን?»

«አልነገሩኝም።»

«እስቲ ይችን ወረቀት አንብብልኝ።»

«እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት። ፊደሉን እለይ ይሆናል እንጂ ምን እንደሚል አላውቅም።»

ቤዛዊት ወጣት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ያልገባትን ልትጠይቃቸው በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ወረቀቷን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «‹ቀርቻለሁ› ነው የሚለው። ሌላው ሄዶ እኔ ቀረሁ።»

«‹ሄጃለሁ› አይሆንም?»

«‹አይ ሌፍት› ቢል ‹ሄድኩ› ይሆን ነበር። መሃል ላይ ‹አም› ሲገባ ግን የተተወው ሰው ነው የሚናገረው። ጋሼ ሰሞኑን ‹ሌፍት› የሚለውን ቃል ይዘውት ነበር። ትርጉሙን በደብተር ይለቅማሉ፤ በእያንዳንዱም ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። መሄድ፣ መቅረት፣ ግራ… ‹ግራ› የሚለው ከሌላ ሥር የመጣ ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ‹ደካማ› ማለት ነበር ብለውኛል። ያንን ሲነግሩኝ ግራ እጃቸውን አንስተው ‹እኔን አይተው ነው የሰየሙት› ብለው ሳቁ።»

ሦስተኛው ጡረተኛው የስፖርት መምህር ሀብቱ ናቸው፤ የሟቹ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው።

«‹ሄጃለሁ› ይላል» አሉ፣ ወረቀቷን ሳይነኩ። «ተሰናብቶን ነው።»

«ቅዳሜ ዳንግላ ሊገቡ እንደነበር ያውቃሉ?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ።

እናትነሽ ከሰዓት በኋላ ዘንገና ሄደች። ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። የመምህሩ ከዘራ ላይኛው አፋፍ ላይ አንድ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል።

ዓርብ ዕለት ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬን ልትወስድ የመጣችው ፀደይም በሩ ጥግ ተቀመጠች።

«ሊሞት የወጣ ሰው መጻሕፍቱን በሲባጎ አያስርም» አለች እናትነሽ። «ግራ ጎኑ የማይታዘዘው ሰውም ያንን ቁልቁለት ከዘራውን ትቶ የሚወርደው የሚደገፍበት ትከሻ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ አብሯቸው የወረደ ሰው ነበር። ያ ሰው ተመልሶ መጥቶ፣ ስንብት እንድትመስል ይችን ገጽ ከደብተራቸው ቀደደ።»

ደብተሩን ገልጣ የወረቀቷን ጠርዝ ከቅዳጁ ጋር አጋጠመችው።

«ደብተሩ በዓረፍተ ነገር የተሞላ ነው። ይችን ማን መረጣት? ሽባባው ምን እንደሚል አያውቅም፤ ሊመርጣት አይችልም። ቤዛዊት ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ‹ቀርቻለሁ› የሚል ወረቀት ለሄደ ሰው ስንብት እንደማይሆን አይጠፋትም። የመረጣት ቃሉን በግማሽ የሚያውቅ ሰው ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «መምህር ሀብቱ፣ ‹ሌፍት› መሄድ መሆኑን ከየት ተማሩት?»

ሀብቱ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ከቴሌግራም» አሉ። «የጡረተኛ መምህራን ግሩፕ ነበረን፤ ሃያ ስድስት ሰዎች። አንዱ በወጣ ቁጥር ‹እገሌ ሌፍት› ይላል። በመጨረሻ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ረቡዕ ጠዋት ስከፍተው እሱም ወጥቷል።»



«ሐይቁ ጋ ጠራሁት። ደግፌ አወረድሁት። ‹ለምን ወጣህ?› ስለው ‹ሁለት ሰው ምን ግሩፕ ያስፈልገዋል?› ብሎ ሳቀ። ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብዬ ተናድጄ ገፋሁት፤ በግራው በኩል ነበር የቆምሁት። ሊይዘኝ እጁን ሊዘረጋ ሞከረ፣ እጁ አልታዘዘለትም። መግደል አላሰብሁም። ግን ሰው አልጠራሁም… ሸሸሁ።»

ፀደይ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ጋሽ ሀብቱ፣ ባለፈው ሳምንት ፍራሽ አስገዝቶኛል። ‹ቅዳሜ ቅዳሜ ሀብቱን እጠራዋለሁ፤ ወለል ላይ አይተኛም› ብሎ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

«ለምን አልነገረኝም?» አሉ።