ያልተነከሰው ሰው

የሚወዱት ሰው ገላ ላይ የትንኝ ንክሻ ሲጠፋ «ተመስገን» ይባላል እንጂ አይከፋም። ማዕዶትን ግን ከፋት።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት፣ ማዕዶት ወሰን ሰፈር በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ነው። የእጮኛዋ የጋሮማ የሥራ ባልደረቦች ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ተዝናንተው ተመልሰው፣ ሰውነታቸውን እያከኩ ተከታትለው ገቡ።

«ማዕዶትዬ፣ ድረሽልን! ትንኙ ሊጨርሰን ነበር!» አለች ናፍቆት፣ ያበጠ ክንዷን እየፎከተች።

«ጋሮማስ?»

ናፍቆት ከጓደኞቿ ጋር ተያየችና ሳቀች። «እሱንማ ራሱን ጠይቂው።»

ያቺ ሳቅ ማዕዶት ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ጋሮማ የካራ ሰፈር ልጅ ነው፤ መሬት ቀያሽ። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ ጫማ ተረከዙን ልጦት ፕላስተር ሊገዛ መጣ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላም አራት ጊዜ ፕላስተር ገዛ። አሁን ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆርጧል፤ እሁድ ነው።

ላንጋኖ ሲሄድ እሷ ናት አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይዛ የሸኘችው። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ረጅም እጅጌ ልበስ። ካልሲ አድርግ። አጎበሩን ፍራሹ ሥር ጠቅጥቀው» አለችው። «እሺ ዶክተር» ብሎ ሳቀ። ታላቅ ወንድሟን ነአምንን አርባ ምንጭ ሳሉ ወባ ወስዶባታል፤ ስለ ትንኝ ስታወራ ድምጿ ይለወጣል።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ጋሮማ በአጭር እጅጌ በር ላይ ጠበቃት። ክንዱን አየች፤ አንገቱን አየች። አንዲት ነጥብ የለችበትም።

«ላንጋኖ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

«ፎቶ አሳየኛ።»

«ስልኬ ባትሪ ጨርሷል» አለ። ይህን ሲል ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምታለች። ቤቷ ስትደርስ ለአባቷ ለአቶ ዱቤ፣ «የእሁዱ ይቅር» አለቻቸው። አልጠየቋትም። «እስከ ረቡዕ አስቢበት። ረቡዕ ማታ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

ረቡዕ ከሰዓት ከጋሮማ ጋር እንጦጦ ወጡ። ባሕር ዛፉ መሀል ጋሮማ እጇን ሊይዝ ሲል ሰበሰበችው።

«ላንጋኖ አልሄድክም።»

«ምን?»

«ሁሉም ተበልቶ መጣ፤ አንተን አንዲት ትንኝ አልነካችህም። የት ነበርክ? ከማን ጋር?»

ጋሮማ የዘረጋውን እጁን መለሰ።

«ብነከስ ደስ ይልሽ ነበር?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች። «ስልክህን!»

ሰጣት። የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነው። ሁሉም በቁምጣ እሳት ከበው ይጨፍራሉ። ከኋላቸው፣ አሸዋው ላይ፣ ከፀሐይ ጥላው ምሰሶ አጎበር ተንጠልጥሏል። ውስጡ ጋሮማ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ቁጭ ብሏል። ናፍቆት ከሥሩ «ሙሽራው ጫጉላ ገብቷል» ብላ ጽፋበታለች።

«ሦስት ቀን ሙሉ መሳቂያ ሆንኩ። እንድታዪው አልፈለግኩም፤ አፍሬ ነው።»

«እና ለምን... ትንሽ እንኳ አትጫወትም ነበር?»

«ነአምን ሲሞት ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃያ ሰባት።»

«እኔም ሃያ ሰባት ነኝ። አንዲት ትንኝ ብትነክሰኝ ‹ዛሬ ያተኩሰው ይሆን፣ ነገ ያተኩሰው ይሆን› እያልሽ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አይወስድሽም ነበር።»

ማዕዶት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ወረደ። ጋሮማ ግን አላባበላትም። «‹ከማን ጋር› አልሽኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ።

«ከዚህም የባሰ አለ» አለች። «ዛሬ ማታ አባዬ ሽማግሌዎቹን እንዳይመጡ ሊነግራቸው ነው። እኔ ነኝ ይቅር ያልኩት።»

«አሁንስ? አሁንም ይቅር?»

ስልኳን አውጥታ ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ በድየዋለሁ። ይምጡ። ላንጋኖ ሄዷል። ትንኝ እንዳትነክሰው ሦስት ቀን አጎበር ውስጥ ተቀምጦ ነው የመጣው።»

እነሱ ቤት ስለ ነአምን ካልተወራ ዓመታት አልፈዋል።

«ወንድምሽን ለምኜው ነበር» አሉ አቶ ዱቤ። «አጎበሩ ውስጥ ግባ አልኩት። ይሞቃል አለኝ። ጋሮማ አጠገብሽ ነው? ስጪው።»

ጋሮማ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። «አቤት አባባ» አለ።

አካባቢው ጭር ስላለ የአባቷ ድምፅ ለእሷም ተሰማት።

«እሁድ እንጠብቃለን፣ ልጄ።»

ከነአምን በኋላ አቶ ዱቤ ማንንም ወንድ «ልጄ» ብለው ጠርተው አያውቁም ነበር።