ወደፊት ዘንበል በይ

«እንዴት ነው? ያማል እንዴ?» አለች ማርቲ፣ ሩሀማ ከአትሌቲክስ ፈተናው አዳራሽ እንደወጣች እጇን ጭምቅ አድርጋ ይዛ።

ተፈትና የወጣች ልጅ ተራዋን ለምትጠብቅ መንገር ክልክል ነው። የነገረች ትሰረዛለች፤ የተነገራት እንደገና ትፈተናለች። አሰልጣኙ ጋሽ ሰብሃት ጠዋት ይህን ሲሉ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ሰምተዋል። ግን የቦንጋ ተማሪ መቼ ነው ለጓደኛው ያልጠቆመው? የማይጠቁም እኮ «ቋጣሪ» እየተባለ ሲሰደብ ይከርማል።

ሩሀማ ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ቀነሰች። «ትሬድሚል የሚባለው የመሮጫ ማሽን ላይ ስትራመጂ ሳታስቢው ይነጥቅሻል፤ ሳትወድቂ ከቆምሽ አለፍሽ። እግርሽን ወደፊት ስቦ በጀርባሽ ሊጥልሽ ነው። ስለዚህ ወደፊት ዘንበል በይ፤ የጭቃውን ዳገት ስንወጣ እንደምናደርገው።»

ውሸቷን ነው። የሚረገጠው የማሽኑ ቀበቶ እግር የሚነጥቀው ወደ ኋላ ነበር፤ ሰውም የሚደፋው በግንባሩ ነው።

«አንቺ እኮ እህቴ ነሽ!» ብላ ማርቲ ጉንጯን ስማት ገባች።

ለአትሌቲክስ ማሰልጠኛው ከትምህርት ቤታቸው የምታልፈው አንዲት ሴት ብቻ ናት። በሩጫ ማርቲን የሚቀድማት የለም። ሩሀማ ሁሌም ሁለተኛ ናት፤ ሁለተኛነት ደግሞ አንገሽግሿታል። ማርቲ ካላለፈች አጎቷ ወደ መጣችበት ወደ ዋጫ ሊመልሷት፣ ትምህርቱም በዚያው ሊያከትም ነው። ሩሀማ ይህን እያወቀች ነው የዋሸችው።

በመስኮት አየቻት። ማርቲ እንዳትጎዳ ከጣሪያው በወረደ ማሰሪያ ታስራ ትራመዳለች። ከቀበቶው ሥር ያለው መለኪያ የእርምጃዋን ጫና ኮምፒውተሩ ላይ በመስመር ይስላል፤ መስመሩም ያምር ነበር። ከዚያ ወደፊት ዘንበል አለች። ወዲያው ቀበቶው ነጠቃት። በግንባሯ ስትሄድ ማሰሪያው አየር ላይ ያዛትና እጅና እግሯን እያወራጨች ተንጠለጠለች።

«ኧረ ዶሮ! ለገበያ የተንጠለጠለች ዶሮ!» አለ የክፍላቸው ልጅ ፍቃዱ፣ ስልኩን ደቅኖ እየቀረጸ። በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ሩሀማም ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር፣ ምን ይደበቃል!

ጋሽ ሰብሃት ግን መስመሩን ደጋግመው አዩ። «ሳይነጥቅሽ በፊት ነው ያዘነበልሽው። የነገረሽ ሰው አለ? ካለ ተናገሪ፣ እንደገና ትፈተኛለሽ።»

ማርቲ እንባዋ ዓይኗን ሞልቶት ወደ ሩሀማ አየች። ጓደኛዋ እንድትሰረዝ አልፈለገችም።

«የለም ጋሼ። ማንም አልነገረኝም።»

ወጥታም ሩሀማን አቀፈቻት። «አይዞሽ፣ ስምሽን አላነሳሁም። ተደናግሮሽ ነው አይደል? እኔም ብሆን ይደናገረኝ ነበር።»

ሩሀማ እንዲህ ታቅፈኛለች ብላ አላሰበችም። አሁን እውነቱን ብትናገር ማርቲ ተመልሳ ትገባለች።

«ሩሀማ!» ሲሉ ጋሽ ሰብሃት ከውስጥ ተጣሩ። «ያለፍሽው አንቺ ነሽ። የመሮጫ ጫማ ልናዝልሽ ነው፤ እግርሽ ስንት ቁጥር ነው?»

ማርቲ አሁንም እንዳቀፈቻት ነበረች።

«ሠላሳ ስምንት» አለች ሩሀማ፣ በማርቲ ትከሻ ላይ አሻግራ።