የማክሰኞና የቅዳሜ መስመሮች

ሐሙስ ጠዋት ከትምህርት ቤቶች ከደረሱት ዐሥራ አንድ የወተት ጥርሶች ዐሥሩ ስለ እናቶቻቸው ደግ ደጉን ተናገሩ።

የላቦራቶሪው ሠራተኛ ረድኤት አንድ በአንድ አጥባ፣ ከፀጉር የቀጠነ ቁራጭ ቆርጣ፣ ዕለት-ቆጣሪው ውስጥ ታስገባቸዋለች። መሣሪያው የጥርስን ልባስ እንደ ዛፍ ቀለበት ያነባል። ልባሱ ሲሠራ በየቀኑ አንድ ስስ መስመር ይጨምራል፤ ልጁ የተወለደበት ቀን ከሌሎቹ ጠቆር ብሎ ይቀራል። ከዚያ መስመር በፊት ያለው በማኅፀን የተጻፈ ነው። እናት ብታጨስ፣ ብትታመም፣ ምግብ ቢያንሳት እዚያ ይገኛል። ከጨው ሜዳው ሥር በተሠራችው በታችኛዋ ከተማ ይህ ማንንም አይደንቅም። ልጆቹም የወለቀ ጥርሳቸውን ጣሪያ ላይ መወርወር ከተዉ ቆይተዋል፤ ወደ ላቦራቶሪው በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ከትተው ወደ ጨዋታቸው ይሮጣሉ።

ዐሥራ አንደኛው ሶስና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ጥርስ ነበር። ልባሱ ሳስቶ ጥቃቅን ጉድጓዶች አውጥቷል። ረድኤትን የገረማት ግን ሌላ ነገር ነው። ከየሰባቱ መስመር ሁለቱ ደብዛዛ ናቸው። አንድም ሳምንት አልተዘለለም።

«ጋሼ፣ ይኼን ይዩልኝ» አለች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ጌታሰው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና ወደ ምስሉ ጎንበስ አሉ። «ረቡዕና ዓርብ ነዋ! እናትየዋ ጾመኛ ናት። ጾም ከሆነ ሕጉ ይፈቅዳል፤ እፈርማለሁ። አንቺም ሻይሽን ጠጪ።»

ረድኤት ሻይዋን አልጠጣችም። ሶስና የተወለደችው እሑድ ነው። ከልደት መስመሩ ወደ ኋላ ቆጠረች። አንደኛው ቀን ደብዛዛ፣ አምስተኛው ደብዛዛ፣ ስምንተኛው፣ ዐሥራ ሁለተኛው።

«ማክሰኞና ቅዳሜ ነው ጋሼ።»

«ማክሰኞና ቅዳሜ የሚጾም ማን አለ? ምናልባት የሚጾመው መሣሪያው ይሆናል» ብለው ሳቁ።

እሷም ይህንኑ ጠርጥራ ነበር። ሦስት ሌሎች ጥርሶችን ደግማ አስነበበች፤ ንጹሕ ናቸው። የሶስናን ገልብጣ አስገባች፤ መስመሮቹ ንቅንቅ አላሉም።

ቅጹ ምክንያት ይጠይቃል፤ በሽታ፣ ጾም፣ የመሣሪያ ብልሽት ወይም ቸልተኝነት። ስድስት ሰዓት ሲሆን የተመረጠው ሁሉ በራሱ ወደ ጤና ቢሮ ይሄዳል። የሶስና እናት ዘርፌ አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቸልተኝነት ከተመዘገበባት እስክትወልድ ድረስ የእናቶች ማቆያ ትገባለች። ረድኤት አስጠራቻት።

ዘርፌ ከምትሠራበት ከውኃ ማጣሪያው፣ እጅጌዋ እንደረጠበ መጣች።

«ምን አለ ጥርሷ? አሳበቀብኝ?»

«ማሟያውን በየቀኑ ይጠጡ ነበር?» ማሟያ ከተማዋ ለነፍሰ ጡሮች የምታድለው፣ የፀሐዩንም የወተቱንም ጉድለት የሚሸፍን ፈሳሽ ነው።

«እንዴታ።»

«ማክሰኞና ቅዳሜም?»

የዘርፌ ፈገግታ ደረቀ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ጥርስ ነው ወይስ የክስ መዝገብ?»

ረድኤት አንገቷን ደፋች። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ አትወድም።

«ማቆያ ከገባሁ ሶስናን ማን ይይዝልኛል?» አለች ዘርፌ። «አባቷ ከላይ ጨው ሜዳው ላይ ነው፤ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚወርደው። አራት ወር ሙሉ ከመስታወት ወዲያ ሆና እያየችኝ ታልቅስ?»

«ለማን ነበር የሚሰጡት?»

«ሰጠሁ አልኩሽ?»

«ቢደፉት ኖሮ ቀን አይመርጡም ነበር።»

ዘርፌ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አምስቱን ቀን አዳይዋ ፊቷ ነበር የምታስጠጣን። ማክሰኞና ቅዳሜ ሥራ ስለሚበዛባት በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ሴት ነበረች። ከውጭ የመጣች ናት፤ መታወቂያ የላት፣ ማሟያ አይሰጧት። ሆዷ ከሆዴ እኩል። የጠርሙሱ ክዳን ሲከፈት እሷ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ታዲያ እንዴት ብሎ በጉሮሮዬ ይውረድ?» ተነሣች። «ስሟን ግን አትጠይቂኝ፤ አልነግርሽም።»

ረድኤት አልጠየቀቻትም። ማሟያን ለሌላ መስጠት በሕጉ ከቸልተኝነት እኩል ነው፤ እውነቱ ለዘርፌ የሚያደርግላት ነገር የለም። የመሣሪያ ብልሽት ብላ ልትጽፍ ትችላለች። ያኔ ግን የልጅቷ የሳሳ ልባስም ብልሽት ተብሎ ሳይታከም ይቀራል።

ዘርፌ ከሄደች በኋላም ጥያቄው አልለቀቃት አለ። ነገሩ እውነት ከሆነ ሌላ ጥርስ መኖር አለበት፤ አምስት ቀን ደብዛዛ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ደማቅ። መዝገብ ቤቱን ይህን እንዲፈልግ አዘዘችው።

አንድ ብቻ አገኘ። ኢድሪስ የሚባል ልጅ ጥርስ ነው፤ የተወለደው ከሶስና ዐሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው። እናቱ መዲና መታወቂያ ያገኘችው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነበር። ጥርሱ ከሁለት ወር በፊት ተነቦ ንባቡ «የመሣሪያ ብልሽት» ተብሎ ተሰርዟል። የሰረዘችው ራሷ ረድኤት ነበረች። ፊቷ ጋለ።

ቁራጩን ከዕቃ ማስቀመጫው አውጥታ ከሶስና ጎን አስገባችና ዕለት-ቆጣሪው ሁለቱን በቀን አመሳስሎ እንዲደርባቸው አደረገች። መስመሮቹ ተገጣጠሙ። የአንዱ ጎዶሎ በሌላው ሞላ፤ አንድም ደብዛዛ ቀን አልቀረም።

መሣሪያው ከዚህ በፊት ያልጠየቃትን ጠየቀ።

«ሁለቱ ልጆች ያደጉት በአንድ ድርሻ ነው። መንታ ናቸው?»

ለመንታ ስሌቱ ሌላ ነው። አንድ ድርሻ ለሁለት ስለተከፈለ እናት አትወቀስም፤ ሁለቱም ልጆች ለልባስ ሕክምና ይላካሉ። ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ቀርቷል። ረድኤት ዕድሜዋን ሙሉ የሐሰት ቃል በመዝገብ ላይ አስፍራ አታውቅም። ምስሉን ደግማ አየችው። ሐሰት ትለው ዘንድ ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«አዎ» የሚለውን ነካች።

«የእናት ስም» አለ መሣሪያው። ቦታው ለአንድ ስም ብቻ የተሠራ ነበር። ፊደሉን አሳንሳ ሁለቱንም ጻፈች።

ጋሽ ጌታሰው ሊፈርሙ ሲመጡ ስሙ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ዘርፌና መዲና? መንታ ደግሞ ሁለት እናት አለው እንዴ? ይኼ ብልሽት ነው።»

«አይደለም ጋሼ፤ ሁለት ጊዜ ፈትሼዋለሁ» አለች ረድኤት በቀስታ፣ ምስሉንም ወደ እሳቸው አዞረችላቸው።

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ማክሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ድምፃቸውን አጥፍተው በልባቸው ቀጠሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ፈረሙ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «የጎደለውን ብቻ ነው የቆጠርኩት።»