ወዚር የሣላት ወይራ

ወላሂ፣ የማወራችሁ ሁሉ እውነት ነው፤ ያላመነ ጎባ ወጥቶ ይጠይቅ።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሠዓሊው ወዚር ከሳነቴ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ጎባ ቁልቁል ከሚታይበት ድንጋይ ሥር፣ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ፈረስ አከራዩ ሙህዲን ነው። አቅፎ ሊያነሳው ሲሞክር ልብሱ በደም ራሰ፤ ፖሊስም ሌላ ሰው ሳይፈልግ እሱኑ አሰረ።

ወዚር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ የተመለሰው የልጅነቱን አገር ሊሥል ነበር። የሚሣል ግን ብዙ አልቀረም። አባቱ ከሥሯ የተቀበሩባት ወይራ ተቆርጣ፣ መቃብሩ ላይ የታላቅ ወንድሙ የማሜ ወፍጮ ቤት ቆሟል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መዝገቡ ከብድሬ ከተማ የመጣችው ኢንስፔክተር ዲንቄ እጅ ገባ። ዲንቄ ትክ ብላ ካየችው፣ የከብት ነጋዴ እንኳ የላሙን ትክክለኛ ዕድሜ ይናዘዛል።

«አካም ቡልቴ፣ ሙህዲን?»

«ታስሬ ምን አድራለሁ፣ እህቴ? ሚስቴ ረቢያ ነፍሰ ጡር ናት። ካልተፈታሁ ቤቴ ይፈርሳል።»

«ያን ቀን ምን ሆነ?»

«ዓርብ ወጥተን እረኞች ጎጆ አደርን። ጎህ ሲቀድ እየሣለ ትቼው ፈረሶቹን ውኃ ላጠጣ ወረድኩ። ስመለስ እሱ ወድቋል፤ ወረቀቱ የለም።»

«ይበርድ ነበር?»

«ይበርዳል ወይ? ምራቅሽን ብትተፊ ጠጠር ሆኖ ነው የሚወርደው! ቀለሙን በብብቱ እያሞቀ ነበር የሚሥለው።»

የወዚር ቤት አከራይ ማናልበሽ ደግሞ ሳትጠየቅ ጀመረች።

«አንሶላዬን ሁሉ ቀለም በቀለም አድርጎት ነው የሞተው፣ ነፍሱን ይማርና!»

«ትጣሉ ነበር ማለት ነው?»

«በየቀኑ! ግን አንጀቴን በላው። የአባቱን መልክ ረስቶት፣ እየሣለ ሲቀድ ከረመ። ፎቶ እንኳ የላቸውም። ዓርብ ሲወጣ ‹ከላይ ሆኜ መሬቱን ባየው ትዝ ይለኝ ይሆናል› አለኝ።»

ማሜ ቤት፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ወይራ፣ ከሥሯም ፈገግ ያሉ ሽማግሌ። ዲንቄ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ ተጠጋች። ሰማዩ ላይ ቀለሙ እንደ ወፍ ላባ ተሰነጣጥሯል።

«አባታችን ናቸው» አለ ማሜ ዓይኑን እየጠረገ። «ሐሙስ ቀትር ላይ፣ እዚሁ ግቢዬ ቁጭ ብሎ ሣለልኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አላየሁም።»

«ደግ ወንድም ነበረዎት፣ ኦቦ ማሜ» አለችና ወጣች።

ሰኞ ዕለት ሁሉንም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰበሰበች። ሙህዲንም በካቴና መጣ። ዲንቄ ሁለት ወረቀት ዘረጋች።

«ሁለቱንም በውኃ ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ይሄን ጎባ ላይ፣ በቀትር፤ ልሙጥ ነው። ይሄን ሳነቴ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ አመዳይ ያዘውና ላባ አወጣ። የእርስዎ ሥዕል የቱን ይመስላል?»

ማሜ ዓይኑን ከወረቀቶቹ አሸሸ።

«ወዚር ሳነቴ ያደረው አንዴ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ደግሞ የአባቱ መልክ አልመጣለትም። ስለዚህ ይህ ሥዕል የተሣለው ቅዳሜ ንጋት ነው። ሐሙስ የተለዩት ሰው ቅዳሜ የሣለው እንዴት ቤትዎ ገባ?»

«ታዲያ አታቃጥለውም ነበር፣ አንተ ጅል!» ጮኸች ማናልበሽ።

«የመቃብሩን ነገር እንዲተው ልለምነው ነበር ሳነቴ የወጣሁት» አለ ማሜ። «‹ወፍጮህ መቃብር ላይ መቆሙን በሥዕሉ ለሽማግሌዎች አሳያለሁ፤ ታፈርሰዋለህ› አለኝ። ድንጋይ እጄ ገባ። በኋላ ወረቀቱን ሳየው... አባቴ ላይ ወፍጮ ተክያለሁ። ደግሞ ፊታቸውን ላቃጥል?»

ማሜ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሥዕሉን የፖሊስ ኤግዚቢት ክፍል አይጥ በላው። ወፍጮውን ሌላ ሰው ተከራይቶ፣ መቃብሩ ላይ ዛሬም ይፈጫል።

ሙህዲን የዚያኑ ቀን ተፈታ፤ ረቢያም በር ላይ ቆማ እልል ብላ ተቀበለችው።

እሺ፣ እልልታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በር ላይ ማንም አልነበረም። ዘመዶቿ ገና ሲታሰር አጋርፋ ወስደዋታል፤ ነጻ መውጣቱን ሲሰሙም «ደም ይታጠባል፣ ወሬ አይታጠብም» ብለው አልመለሷትም። የባዶ ቤቱን ቁልፍ ጎረቤት ሰጠው።