ውሃውን ማን ይጨምር

ፔሪና መቀመጥ ያቃታት ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት ነው። የኛ ደሴት ሰው ጥፋቱን ሁሉ በዩጎ ያላክካል። ዩጎ ከደቡብ ተነስቶ ባሕሩን የሚያተራምሰው፣ ሞቃቱና አስጨናቂው ነፋስ ነው። ራስ ቢያምም፣ ባልና ሚስት ቢኮራረፉ፣ ሊጥ አልነሳ ቢል የዩጎ ሥራ ነው ይባላል። የፔሪና መቅበጥበጥ ግን ቅዳሜ ጧት፣ ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቶ ሳለ ስለጀመረ ነፋሱን አንማ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ጠረጴዛ ምን በደለሽ?» አለቻት አክስቷ ማንዴ። ወደቡ ላይ ያለው መጠጥ ቤት የማንዴ ነው፤ ፔሪና ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ታስተናግዳለች።

«ቆሽሿል።»

«አራት ጊዜ ወለወልሽው። እስከ ነገ ምሳ እንጨቱን ትጨርሺዋለሽ።»

ነገሩ የነገው ምሳ ነው። እሑድ ፍቅረኛዋ ቫለንት አባቷ ቤት ምሳ ይበላል፤ ሰኞ ሥራውን ጨርሶ በመርከብ ወደ አገሩ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ልጅዎን ይስጡኝ ብሎ መጠየቅ አለበት፣ አባቷም እሺ ማለት አለባቸው። ፔሪና ቁርጡን ነግራዋለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባቷ ከእሷ ሌላ ሰው የላቸውም፤ እሳቸውን አስኮርፋ መርከብ አትሳፈርም።

የተዋወቁት በግንቦት ነው። የወይን አምራቾቹ ማኅበር አዲስ ፓምፕ ሲያስመጣ፣ የሚተክለው ሰው ከሰሜን፣ ከዛጎርዬ ኮረብታዎች ተላከ። ሰውየው በቀትር፣ እስከ ክርኑ ዘይት በዘይት ሆኖ መጠጥ ቤቱ ገባና ጌሚሽት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አለች ፔሪና።

«ነጭ ወይን በጋዝ ውሃ ማለቴ ነው።»

«ገብቶኛል። ነጩ አልቋል። ጋዝ ያለውን ውሃ ደግሞ ሆዱን ላመመው ሰው ነው የምንሰጠው።»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ሆዴን አሞኛል። ቀዩን ከሱ ጋር አምጪልኝ።»

ቀይ ወይን በጋዝ! በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ዓሣ አጥማጆች ካርታቸውን አስቀመጡ። ፔሪና ብርጭቆውን በግማሽ ቀድታ፣ የውሃውን ጠርሙስ ለብቻው አጠገቡ አኖረችው፤ ኃጢአቱን ራሱ ይሥራው ብላ። እሱ ግን አልነካውም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀና ብሎ ዝም ብሎ አያት። እሷም አየችው። ጥቅምት ላይ ቢጫ መሆን የጀመረ የወይን ቅጠል ዓይነት ዓይን ነበረው። ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ አክስቷ ምን አገኘሽበት ስትላት መልሷ አንድ ነው፦ እንዴት እንደሚያይ ብታዪ!

ክረምት ይሁን በጋ ፍቅረኞች የሚያወሩት አያጡም፤ እነዚህ ግን በጋውን ሙሉ የጨረሱት በወይን ብርዝ ክርክር ነው። እሷ ቤቫንዳ ትላለች፤ ቀይ ወይን በተራ ውሃ፣ እኩል በእኩል፣ በረዶ የለ ጋዝ የለ። እሱ ጌሚሽት ይላል፤ ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር። ወደ ምሥራቅ ሜዳው ሲወረድ ያንኑ መጠጥ ሽፕሪትሰር እንደሚሉት፣ እዚያ ጌሚሽት ብሎ ያዘዘ ሰው እንደሚሳቅበት ነገራት። እሷ ደግሞ ወደ ኢስትሪያ ያገባች የአጎቷ ልጅ ቀይ ወይን በብርቱካን ለስላሳ ደባልቃ ሚሽ-ማሽ ብላ እንዳጠጣቻት ነገረችው። ሁለቱም ፊታቸውን አኮማተሩ።

«በዚህስ ተስማማን» አላትና እጇን ያዘ። ያን ቀን ነው መጀመሪያ የያዘው።

እሑድ ደረሰ። የአባቷ ቤት ከወደቡ በላይ፣ ሰባ የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ ነው። አባቷ ባርባ ቪትስኮ፣ መንደሩ ባርባ የሚለው ሽማግሌውን ሁሉ ነው፣ እንግዳን የሚፈትኑት በአንድ መንገድ ነበር። ከራሳቸው በርሜል አንድ ብርጭቆ ቀይ፣ አንድ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ውሃ ፊቱ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በመስኮት ባሕሩን የሚያዩ መስለው ይጠብቃሉ። ውሃ ያላስነካው ሰካራም ነው፣ ቤት ያቃጥላል፤ ውሃ ያበዛው ንፉግ ነው። ፔሪና ይህን ታውቃለች። ቫለንትን እኩል በእኩል ብላ አስጠንታዋለች። ብርጭቆና ማንቆርቆሪያ ወስዳ፣ ድንጋዩ አጥር ላይ አስቀምጣ አሳይታዋለች ሁሉ።

እሷ ጓዳ ከዓሣ ወጡ ጋር ስትታገል ሁለቱ ወንዶች ስለ ፓምፑ አወሩ። ስለ ዝናብ አወሩ። ስለ በርሜል እንጨት አወሩ። ሳህን ይዛ በገባች ቁጥር ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብርጭቆው ነው፤ ብርጭቆው እንደተቀዳ ነው። ሁለተኛውን ሳህን አመጣች፤ እንደተቀዳ ነው። ቫለንት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አባቷን ያያል። አባቷ ባሕሩን ያያሉ። ዓሣው ሲያልቅ ወሬውም አለቀ። ባርባ ቪትስኮ ስለ ፓምፑ አመስግነው፣ ጋደም ልበል ብለው ተነሱ። ቫለንት የመጣበትን ጉዳይ ሳይተነፍስ ደረጃውን ወረደ።

ፔሪና አባቷን በሩ ላይ ያዘቻቸው።

«ምን አደረገዎት?»

«ምንም። ወይኔን አፉ ድረስ ያላደረሰ ሰው፣ ልጄን የት ያደርሳታል?»

ሰኞ ጧት ዩጎው ተነሳ። ማዕበሉ ወደቡን አልፎ የማንዴን ወንበሮች አራሰ፤ የጧቷ መርከብ ቀረች። ቫለንት ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ጥጉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ፔሪና አላናግርም ብላ ነበር። ሦስት ጊዜ አጠገቡ አለፈች፣ በአራተኛው ቆመች።

«እኩል በእኩል አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ ምን ይዞህ ነው? መርዝ መሰለህ?»

«አባትሽን እየጠበቅኩ ነበር» አለ ቫለንት። ድምፁ ደክሟል። «እኛ ቤት ማንቆርቆሪያውን የሚያነሳው ባለቤቱ ነው። አባቴ ጋ የመጣ እንግዳ በገዛ እጁ ከበረዘ፣ ወይንህ አይረባም፣ እጅህም አይፈታም ማለቱ ነው። ሰው ስንት ጊዜ ተጣልቶበታል! እሳቸው ዞረው ባሕር ማየት ሲጀምሩ፣ አልፈለጉኝም፣ ተነስተህ ውጣ ማለታቸው ነው ብዬ ቆረጥኩ።»

ፔሪና ጨርቋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ስንት እንደሚጨመር አስጠንታዋለች። ማን እንደሚጨምር ግን የሚጠየቅ ነገር መሆኑ በሐሳቧም አልመጣም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ዓይኗ ጠበበ።

«ቆይ እንጂ። በግንቦት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ዝም ብለህ ያየኸኝ...»

ቫለንት አንገቱን ደፋ። «እስክትበርዢልኝ ነበር።»

«በጋውን ሙሉ ለአክስቴ ያወራሁት...»

«መጀመሪያ ውሃውን ነበር የምጠብቀው። ስጠብቅ ግን አየሁሽ። ከዚያ ውሃውን ረሳሁት።»

መሳቅ ይሁን ማልቀስ ሳትለይ ሽርጧን ወንበር ላይ ወርውራ ወጣች። ሰባውን ደረጃ በነፋሱ እየተገፋች ሮጠችው። አባቷ መጋዘን ውስጥ፣ ለሚመጣው ወይን ለቀማ የበርሜል ቀለበት ያጠብቃሉ።

«በዩጎ ቁም ነገር አይወራም» አሉ ገና ፊቷን ሲያዩ። እውነታቸውን ነው፤ የኛ ሰው በዚያ ነፋስ በሬም አይሸጥ፣ ልጅም አይድር።

«እርስዎ አያውሩ። ይስሙኝ ብቻ።»

ነገረቻቸው። መዶሻቸውን እንደያዙ ሰሟት።

«እኔ ልበርዝለት?» አሉ በመጨረሻ። «ጎረምሳውን?»

ፔሪና በዚያ ቤት ሰው ለሰው እንደማይበርዝ ታውቃለች። አባቷ በዕድሜያቸው የበረዙት ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ለእሷ፣ ሕፃን ሳለች፣ በበዓል ቀን፣ አንድ ማንኪያ ወይን በአንድ ብርጭቆ ውሃ። ለእናቷ ደግሞ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ እጇ ማንቆርቆሪያ ማንሳት ሲያቅተው።

ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ፣ ቆባቸውን ከሚስማሩ አወረዱና ወጡ።

ወዴት? ፔሪና መጋዘኑን ዞረች፣ ቤቱን ዞረች፣ ተመልሳ ወደብ ወረደች። መጠጥ ቤቱን ከጫፍ ጫፍ ትመላለስ ጀመር። ነፋሱ እየላላ ነው፤ ማንዴ መርከቢቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትገባለች የሚል ወሬ ሰምታለች። ቫለንት አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ፔሪናን ያያል። ልብ ካላችሁ፣ እሱም መቀመጥ እያቃተው ነው።

በሩ ሲከፈት የገባችው ባለሱቋ ዬሌ ነበረች። የሰፈራችን ወሬ በሙሉ መጀመሪያ እሷ ሱቅ ያድራል።

«ፔሪና፣ አባትሽ ሆዳቸውን አሟቸዋል እንዴ?»

«ለምን?»

«ጋዝ ያለው ውሃ ገዙኝ። ሠላሳ ዓመት ስሸጥ አንድ ጠርሙስ ገዝተውኝ አያውቁም። ሰው እንዳያይብኝ በጋዜጣ ጠቅልይልኝ አሉኝ።»

ማንዴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ዞረች። ዬሌ ሌላ ሳትጨምር ባርባ ቪትስኮ ራሳቸው ገቡ፤ በአንድ ክንዳቸው የራሳቸውን ወይን፣ በሌላው ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር። ማንንም ሳያዩ ከቫለንት ፊት ለፊት ተቀመጡ። ብርጭቆ ሳቡ። ቀዩን በግማሽ ቀዱ። ጋዜጣውን ፈቱ፣ ጠርሙሱን ከፈቱ። ጠርሙሱ ፍሽሽ ሲል፣ መራራ ኪኒን እንደዋጠ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስንት?» አሉ።

ቫለንት እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። «ባለቤቱ እንዳዩት።»

ሽማግሌው ጨመሩ። እኩል በእኩል። ቀዩ ወይን አረፋ ሲያወጣ የገዛ ወንድማቸው ሲወድቅ እንዳዩ ያህል ፊታቸው ተኮማተረ፤ እስኪሞላ ግን አላቆሙም። ብርጭቆውን ገፋ አድርገው ሰጡት። ቫለንት አንስቶ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣ።

«ባርባ ቪትስኮ፣ የመጣሁት...»

«የመጣህበትን አውቃለሁ። ዩጎው ሳይቆም አትናገረው» አሉ። ባዶውን ብርጭቆ እያዩ ቆዩ። «እዚያ ኮረብታችሁ ላይ፣ ጋዝ የሌለው ውሃ አለ?»

«የጉድጓድ ውሃ አለን።»

«እንግዲያው አንድ ማንቆርቆሪያ ለብቻው አስቀምጥ። ልጄ ጋዝ አትወድም።»

መርከቢቱ ከወደቡ አፍ ላይ ጡሩምባዋን ነፋች። ደግማ ነፋች። ሻንጣውን ያነሳ ሰው አልነበረም። ፔሪና ከቅዳሜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሳበችና፣ በሁለቱ መካከል ተቀመጠች።